ክሩ ከየት መጥቶ የት ይገባል?

በልጆች ሥዕላዊ መጻሕፍት ውስጥ ሹራብ የምትሠራ አያት ስትሣል ነገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ የተጠላለፉ ሁለት መርፌዎች፣ እግሯ ሥር የክር ልቃቂት፣ ከልቃቂቱ ጋር የምትጫወት ድመት። ሥዕሉን ለመፈተን ጣትን ልቃቂቱ ላይ አሳርፎ ክሩን መከተል ይበቃል። በብዙዎቹ ክሩ ከወለሉ ይነሣና በሹራቡ የታችኛው ጠርዝ ገብቶ ይጠፋል። እዚያ ግን ምንም ሥራ የለውም።

ሹራብ በመርፌ ሲሠራ ጨርቁ የሚያድገው መርፌው ላይ ነው። የግራው መርፌ ቀለበቶቹን ደርድሮ ይይዛል። የቀኙ በመጀመሪያው ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ ክሩን ስቦ ያወጣል፤ አዲሱ ቀለበት ቀኙ መርፌ ላይ ይቀራል፣ አሮጌው ከግራው ይወርዳል። ስለዚህ ከታች የተንጠለጠለው ጠርዝ ቀድሞ የተሠራው፣ ሥራው ያለቀለት ክፍል ነው። ከልቃቂቱ የሚመጣው ክር መሄድ ያለበት ወደ ላይ፣ በአንድ እጅ ሌባ ጣት ተይዞ ወደ ሁለቱ መርፌዎች ጫፍ ነው። እንግሊዞችና አሜሪካውያን ብዙውን ጊዜ ክሩን በቀኝ እጅ፣ ጀርመኖችና ስካንዲኔቪያውያን በግራ እጅ ይይዛሉ። ሠዓሊው ከሁለቱ የፈለገውን መምረጥ ይችላል። ሁለቱንም እጅ ያለ ክር መተው ግን አይቻልም፤ ክር የሌለበት እጅ ሹራብ አይሠራም።

ሌሎቹም ስሕተቶች ከዚሁ ይመነጫሉ። የመርፌዎቹ ሹል ጫፎች እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ድቡልቡል ጫፎቹ ደግሞ ወደ ውጭ ይሆናሉ፤ በሥዕል ግን ሹሉ ወደ ወለል ሲያመለክት ይታያል። አንገትና ሁለት እጅጌ ያለው ያለቀ ሹራብ ከሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች ላይ ተንጠልጥሎ ይሣላል። በሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች ሲሠራ ግን ፊትና ጀርባው ለየብቻ፣ እጅጌዎቹም ለየብቻ ጠፍጣፋ ሆነው ይሠሩና በመጨረሻ በመርፌና ክር ይሰፋሉ። ድመቷን በተመለከተ፣ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ድመት ካለች ክር የዋጠች ድመት አንጀቷ ተሸብሽቦ ልትሞት እንደምትችል ለልጁ መንገር ጥሩ ነው።

ሹራብ ሚስማር ላይ ተይዞ ለባሹ ሲሮጥ ከታች ጀምሮ እየተተረተረ እምብርት ድረስ የሚደርስበት ሥዕልም አለ። ልጆች በጣም ይስቁበታል፣ መሳቃቸውም ደግ ነው። ከታች ወደ ላይ የተሠራ ሹራብ ግን ከታች ጠርዙ እንዲህ በቀላሉ አይተረተርም። ሹራብ ወለል ብሎ የሚተረተረው ሥራው ካለቀበት ጫፍ፣ ማለትም በዚህኛው ከአንገቱ በኩል ነው። ከተጀመረበት ጫፍ ሲጎተት ክሩ በየቀለበቱ ውስጥ ስለሚያልፍ እየተቆለፈ ይይዛል። የጎን ስፌቱም በየረድፉ ያግደዋል። ሚስማር መሀል ላይ ሲይዘው የሚሆነው አንድ ቀለበት ረዝሞ መውጣትና ዙሪያውን መሸብሸብ ነው፤ ክሩ ከተበጠሰ ደግሞ ከላይ ወደ ታች መሰላል የመሰለ ቀዳዳ ይከፈታል። ደራሲው ቀልዱን ማዳን ከፈለገ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሚስማሩን ከአንገቱ ጀርባ ማድረግ።

ስለ መጠን ደግሞ እንነጋገር። ደረቱ ዙሪያ 64 ሴንቲሜትር የሆነ ሹራብ ለ5 ዓመት ልጅ እንበል። በመካከለኛ ክርና በ4 ሚሊሜትር መርፌ ሲሠራ በ10 ሴንቲሜትር ወርድ 22 ቀለበት፣ በ10 ሴንቲሜትር ቁመት 30 ረድፍ ይገባል። ዙሪያው 140 ቀለበት ይሆናል። ቁመቱ 38 ሴንቲሜትር ከሆነ 114 ረድፍ ነው። ገላው ብቻ ወደ 16,000 ቀለበት ይደርሳል፤ ሁለቱ እጅጌዎች ሲጨመሩ ከ24,000 ያልፋል። በደቂቃ 30 ቀለበት የምትሠራ ፈጣን እጅ ያላት ሴት ሳታርፍ ከ13 ሰዓት በላይ ያስፈልጋታል። ክሩ ደግሞ ከ250 እስከ 300 ግራም ነው፤ ባለ 50 ግራም ልቃቂት ከሆነ 5 ወይም 6። በሥዕሉ ላይ አያትየዋ አጠገብ ያለው ብርቱካን የሚያህል አንድ ልቃቂት ከአንድ እጅጌ ብዙም አያልፍም። በጎኗ ቅርጫት መሣልና ውስጡን በልቃቂት መሙላት ምንም አያስከፍልም። ገጽ በተገለጠ ቁጥር ቅርጫቱ እየጎደለ ቢሄድ ደግሞ ልጁ ያለ አንድ ቃል ጊዜ ሲያልፍ ያያል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በልጆች መጽሐፍ ላይ ሲፈርድ ጨካኝ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህን ሥራ ልክ አድርገው ያሳዩ መጻሕፍት ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል።

በ1912 ስዊድን ውስጥ የታተመው የኤልሳ ቤስኮቭ «የፔሌ አዲስ ልብስ» አንዱ ነው። ፔሌ የራሱ ግልገል አለው። ግልገሉ ሲያድግ ሱፉ ይረዝማል፤ ፔሌም ሲያድግ ልብሱ ያጥረዋል። ሱፉን ይሸልትና አንዷ አያቱ እንድታበጥርለት ይጠይቃል፤ እሷ ስታበጥር እሱ የካሮት መደቧን ያርማል። ሌላዋ አያቱ ትፈትልለታለች፣ እሱ ላሞቿን ይጠብቃል። ለቀለም ቀቢው ጎረቤት ተልኮ ሄዶ በተረፈው ገንዘብ ሰማያዊ ማቅለሚያ ይገዛና ፈትሉን ራሱ ይነክራል። እናቱ ትሸምናለች፣ እሱ ታናሽ እኅቱን ይይዛል። ልብስ ሰፊው ሲሰፋ ፔሌ ድርቆሽ ይሰበስባል፣ አሳማ ይቀልባል፣ እንጨት ያስገባል። ከጅማሬ እስከ ፍጻሜ እያንዳንዱ እርከን አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያና አንድ ልውውጥ አለው። ምንም በነጻ አይመጣም፤ ምክር ሰጪ ዐረፍተ ነገርም የለበትም።

የእርከኖቹ ተራ ራሱ ትክክል ነው። ፈትሉ የሚነከረው ከተፈተለ በኋላ፣ ከመሸመኑ በፊት ነው። ላላ ተደርጎ በተጠቀለለ ፈትል ውስጥ ቀለሙ በየቦታው እኩል ይደርሳል፤ ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ ጨርቅ ግን በትንሽ ድስት ውስጥ ሲታጠፍ ዥንጉርጉር ይወጣል። ፈትሉ እንዳይተበተብ አራት ቦታ ላይ በላላ ክር ይታሰራል። ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ እዚያው ላይ ነጭ ነጭ ምልክት ይቀራል።

ከበግ እስከ ልብስ በሚተርኩ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርከን እጥበት ነው፤ ምክንያቱም አያምርም። ከበግ ላይ የወረደ ሱፍ ስብ፣ ላብ፣ አፈርና እሾህ አለበት። ሲታጠብ ከክብደቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። ውሃው ሙቅ መሆን አለበት፣ ስቡ በቀዝቃዛ አይለቅም። በሙቅ ውሃ ውስጥ ግን መታሸት የለበትም፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛም በድንገት መዛወር የለበትም፤ አለዚያ ቃጫዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደገና የማይለያይ ድርቅ ያለ ጨርቅ ይሆናሉ። ሌላም ስሕተት አለ፦ በሥዕል ላይ የሚሸለት በግ ሱፍ ቁርጥራጭ እየሆነ ሲዘንብ ይታያል። ጥሩ ሱፍ ያለው በግ በደንብ ሲሸለት ግን ሱፉ ተያይዞ እንደ አንድ ቁራጭ ምንጣፍ ይወርዳል። ለሠዓሊ ይህ እንዲያውም የተሻለ ሥዕል ነው።

በ1986 የታተመው የሃሪየት ዚፈርትና የሠዓሊዋ አኒታ ሎበል «አዲስ ካፖርት ለአና» በጦርነት ማግስት የተቀመጠ ታሪክ ነው። ገንዘብ የለም፣ ሱቅ ውስጥም ዕቃ የለም። እናት የወርቅ ሰዓቱን ለገበሬው ሰጥታ ሱፍ ታገኛለች፣ ፋኖሱን ለፈታይዋ፣ የአንገት ጌጡን ለሸማኔዋ፣ የሸክላ የሻይ ማፍያውን ለልብስ ሰፊው። አንድ ካፖርት አንድ ዓመት ይፈጃል። ሸላቹም ሆነ ፈታይዋ ጊዜያቸውን እንደሚጠብቁ፣ አና ደግሞ አብራ መጠበቅ እንዳለባት ልጁ ገጽ በገጽ ያየዋል። የጊዜ ነገር ከዚህ በተሻለ የተነገረበት የልብስ መጽሐፍ አላውቅም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ካፖርቱ የሚቀላው ከጫካ በተለቀመ ቀይ የዱር ፍሬ ነው። ለታሪኩ ያምራል፣ ለቀማው እናትና ልጅ አብረው የሚሠሩት ሥራ ነውና። ፍሬው ውስጥ ያለው ቀለም አንቶሲያኒን የሚባለው ሲሆን ሱፍ ላይ መጀመሪያ ደማቅ መስሎ ይታያል፤ ከዚያ በፀሐይ ይነጣል፣ በሳሙና ሲታጠብ ወደ ግራጫ ይዞራል። በአውሮፓ ለዘመናት ጸንቶ የኖረው ቀይ የሚወጣው ማደር ከተባለ ተክል ሥር ነው። ለ100 ግራም ሱፍ ከ10 እስከ 15 ግራም አሉም የተባለው ጨው በውሃ ይሟሟል፣ ሱፉ በዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ከዚያ ወደ ሥሩ ውሃ ይገባል። ውሃው ከ70 ዲግሪ ካለፈ ቀዩ ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ቤት ውስጥ ከልጅ ጋር መሞከር የሚፈልግ የሽንኩርት ልጣጭ ይያዝ፤ በአሉም በታከመ ሱፍ ላይ የሚሰጠው ብርቱካናማ ቢጫ ከፍሬ ቀለም በጣም ይጸናል። አሉም የገባበት ድስት ግን ምግብ አይሠራበትም።

የሲምስ ታባክ «ዮሴፍ ትንሽ ካፖርት ነበረው» በ2000 ለአሜሪካ ሥዕላዊ የልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳልያ ያገኘው ገጾቹ ላይ በተቆረጡት ቀዳዳዎች ነው የሚሉ አሉ። ቀዳዳዎቹ የሚቀጥለውን ልብስ ቅርጽ አስቀድመው ያሳያሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን የመቀሱ ዕውቀት ነው። ታሪኩ ከይዲሽ የሕዝብ ዘፈን የመጣ ነው፤ ካፖርት ሲያረጅ ጃኬት፣ ጃኬቱ ሰደርያ፣ ሰደርያው የአንገት ልብስ፣ ከዚያ ክራቫት፣ መሐረብ፣ በመጨረሻ ቁልፍ ይሆናል። ካፖርት አስቀድሞ የሚያልቀው በታች ጠርዙ ነው፤ ያ ሲቆረጥ ጃኬት ይቀራል። ጃኬት የሚያልቀው በክርኑና በእጅጌ አፉ ነው፤ እጅጌው ሲወጣ ሰደርያ ይቀራል። ሰደርያ በብብቱና በቁልፍ ቀዳዳዎቹ ሲሳሳ ሰፊና ጤናማ ሆኖ የሚቀረው የጀርባው ጨርቅ ነው። ልብስ ሰፊዎች አሮጌ ልብስ ሲገለብጡ የሚከተሉት ተራ ይኸው ነው። ከሱፍ ካፖርት የተሠራ መሐረብ አፍንጫን ምን እንደሚያደርግ ግን አለማሰብ ይሻላል።

ነጠላም ተመሳሳይ ዕድሜ አለው። ሲሳሳ የቤት ይሆናል፣ ከዚያ ሕፃን ይታቀፍበታል፣ ከዚያ ተቀዶ ጠጅ ይጠለልበታል፣ መጨረሻ ላይ የኩራዝ ክር ይሆናል። ገጽ እየተቆረጠ የሚሠራ መጽሐፍ ለማሳተም ለሚያስብ የአማርኛ ደራሲ ይህ የተዘጋጀ ታሪክ ነው።

በማክ ባርኔትና በጆን ክላሰን በ2012 የወጣው «ትርፍ ክር» ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አናቤል የምታገኘው ሣጥን ውስጥ ያለው ክር አያልቅም፤ ለራሷ፣ ለውሻዋ፣ ለክፍል ጓደኞቿ፣ ለቤቶችና ለዛፎች ሳይቀር ትሠራለች። እዚህ ተአምሩ የተፈቀደው ለአንድ ነገር ብቻ፣ ለክሩ መጠን ነው። ሹራቡ ራሱ በተአምር አይመጣም፣ ልጅቷ በመርፌ ትሠራዋለች። ተረት የምር ሥራን የሚያከብርበት መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ አንድ ሕግ ይጣሳል፣ የቀሩት እንዳሉ ይቆያሉ።

የእንዝርቱን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ሻርል ፔሮ በ1697፣ ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 ባሳተሙት ተረት ልዕልቲቱ እንዝርት ወግቷት ታንቀላፋለች። ሠዓሊዎች የሚሥሉት በእግር የሚረገጥ ትንሽ የመፍተያ መንኮራኩር ነው። እዚያ ላይ ክሩ በቀዳዳ ገብቶ በሚሽከረከር ክንፍ እየተመራ ማጠንጠኛ ላይ ይጠቀለላል እንጂ የሚወጋ ሹል ነገር የለውም። ሹል ያለው በእጅ የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ነው፤ ከዚያም በቀላሉ የእጅ እንዝርት። ለአማርኛ አንባቢ ልጅ የእጅ እንዝርት ቢሣልለት ከመንኮራኩሩ ይልቅ ይቀርበዋል።

አሁን ወደ ሸማ። ጥጥ ከማሳ እስከ ጋቢ ያለው መንገድ ለሥዕላዊ መጽሐፍ የተሠራ ይመስላል፤ በየእርከኑ መሣሪያው ይለያያል፣ የእጁ እንቅስቃሴም ይለያያል። ፍሬው ያለበት ጥጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት ዘንግ ይዳመጣል፤ ዘንጉ ሲንከባለል ፍሬው ከጥጡ ተላቅቆ ይወጣል። ከ3 ኪሎ ጥጥ ወደ 1 ኪሎ ብቻ ነው የሚተርፈው፣ የቀረው ፍሬ ነው። ሠዓሊ ከድንጋዩ አጠገብ የፍሬውን ክምር ከጥጡ አብልጦ ቢሥል ልክ ነው። ከዚያ ጥጡ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡን ነክቶ ሲንቀጠቀጥ የተጣበቀው ይበተናል፣ ብናኙ ይነሣል፣ ባዘቶው ይወጣል። ልጆች የሚወዱት ገጽ ይህ መሆኑ አይቀርም፣ ድምፅ አለውና። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ሲወፍር ጥምዙ ያንሰውና ይበጠሳል፤ ጥምዙ ሲበዛ ደግሞ ክሩ ላላ ባለ ቁጥር በራሱ ላይ ይጠቀለላል።

ሽመናው ላይ የክሩን መንገድ መከተል በጣም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እዚህ ሁለት ክር አለ። ድር አስቀድሞ በርዝመት የተወጠረው ነው፣ ማግ በመወርወሪያ የሚያልፈው። ድር ስለሚወጠርና ስለሚፋተግ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር አድርገው በእጅ የተፈተለውን ለማግ የሚያውሉት። ድር ለማድራት መሬት ላይ ችካሎች ይተከላሉ፣ ሰው ክሩን እየጎተተ በመካከላቸው ይመላለሳል። ይህ ገጽ በአንድም መጽሐፍ ሲዘለል ያሳዝነኛል፤ አንድን ልጅ እየሮጠ የሚያግዝ ሰው አድርጎ ለማስገባት የሚያመች ቦታ እሱ ነው።

ሸማኔው መሬት ላይ ወይም ዝቅ ባለ መቀመጫ ተቀምጦ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ያደርጋል። በአንድ እግር ሲረግጥ የድሩ እኩሌታ ይወርዳል፣ የቀረው እኩሌታ ይነሣል፣ በመካከል አፍ ይከፈታል። መወርወሪያው በዚያ አፍ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ በውስጡ ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም አለ። ያለፈው ማግ ተመትቶ ይጠጋል፣ እግር ይለዋወጣል፣ ተነሥቶ የነበረው ክር ይወርዳል። ሠዓሊዎች የሚያጠፉት ሦስት ነገር ነው። ጉድጓዱን ትተው ሸማኔውን ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ድሩን ያለ አፍ፣ ጠፍጣፋ አድርገው ይሥሉታል፤ ያኔ መወርወሪያው የሚያልፍበት የለም። ያለቀውን ጨርቅ ደግሞ ከሸማኔው ፊት ለፊት ራቅ አድርገው ያሳያሉ፤ ያለቀው ሸማ ግን ሁልጊዜ ወደ ሸማኔው ሆድ የቀረበው፣ ግንድ ላይ የሚጠቀለለው ነው። ርቆ የሚታየው ገና ያልተሸመነ ድር ነው።

የሸማው ወርድ ሸማኔ መወርወሪያውን ከእጅ እጅ ማቀበል እስከሚችልበት ድረስ ነው። ከዚህ የተነሣ ሰፋ ያለ ልብስ ሁለት ወርድ ተሰፍቶ ይገጠማል። ጋቢ አራት እጥፍ፣ ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፤ ሥዕል ላይ ጋቢ እንደ አንሶላ ሲሳሳ ብርዱን ማን ይመክተዋል? እጥፋቱ ጠርዙ ላይ በሁለት በሦስት መስመር ቢታይ ይበቃል።

በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ዘንድ በተለምዶ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። በፔሌ መጽሐፍ የምትሸምነው እናት ናት። የውጭ መጽሐፍ ተተርጉሞ ለእኛ ልጆች ሲቀርብ ሠዓሊው ይህን ካላወቀ ሽሮ ሜዳ የሚያድግ ልጅ «አባቴ የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሱፍ ለሚፈልግ ታሪክ ደግሞ ስዊድን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ መንዝ አለ፣ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ አለ፣ በርኖስ አለ። የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ነው፤ ጥቁርና ቡናማው በተፈጥሮው ስላለ የማቅለሚያውን ገጽ ለእጥበት ማዋል ይቻላል።

መደበኛው ሥዕላዊ መጽሐፍ 32 ገጽ ነው። ሽፋኑን ተከትለው ለስምና ለአሳታሚ የሚሄዱት ሲቀነሱ 14 ወይም 15 ጥንድ ገጽ ይተርፋል። ለመዳመጥ፣ ለመንደፍ፣ ለመፍተል፣ ለማድራት፣ ለመሸመንና ለመስፋት አንዳንድ ጥንድ ገጽ ቢሰጥ 6 ይሄዳል፤ የቀረው ለታሪኩ ነው። መፍተልና መሸመን ሁለት ሁለት ቢያገኙ ይሻላል፣ እጆቹን በቅርብ ለማሳየት አንድ፣ ሰውየውን ከነቤቱ ለማሳየት ሌላ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚለበሰው ነጠላ ላይ ሠዓሊው ይጠንቀቅ። ጥለት በማግ የሚሠራ ስለሆነ የጨርቁን ወርድ ተሻግሮ በሁለቱ ጫፎች ይተኛል፤ እንደ ሥዕል ፍሬም አራቱንም ጎን አይዞርም። አለባበሱም ይናገራል። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ፊት አጠገብ ሲሆን የሐዘን ነው፤ ለበዓል ገጽ ከታች ይውረድ።